ለአማቴ ለብቻ የበሰለ ዶሮ

ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪሙ የነቀለውን መተካት ነው ሥራዬ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «ይሄ ጥርስ አልሆነኝም» ብሎ የተመለሰብኝ ሰው የለም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ ለደንበኛ ሁሉ እናገር ነበር። «እኔ ጋ ሁለተኛ ልኬት የሚባል ነገር የለም» እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ። አሁን ያን ድምፄን ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ያን እሁድ ጠዋት ሽርጥ አስሬ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ልጬ እንደጨረስኩ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ለእህቷ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልሞከረችም።

«ለእማዬ ምሳ ሊሠራላት ነው። አዎ፣ እሱ ራሱ። ታኮ ነው የሚሉት፤ ዶሮ ተበጣጥሶ ስስ ቂጣ ውስጥ ይታጠፋል አሉ። እኔስ መቼ አመንኩት? ግን ሽንኩርቱን ልጦ ጨርሷል።»

ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን እንቁላል ቀቅዬ አላውቅም። ስለዚህ ባለቤቴ ብትደነቅ አይፈረድባትም። ስልኩን ስትዘጋ መጥታ ትከሻዬን ሳም አደረገችኝና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እኔ ሽንኩርቱ እንዳስለቀሰኝ ሆኜ ፊቴን አዞርኩ። ሽንኩርቱ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ መብላት ትተዋል። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዱሮ ማዕድ ላይ እስከ መጨረሻው የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ከቅርብ ወራት ወዲህ ግን «በልቻለሁ»፣ «አልራበኝም»፣ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ኋላ እቀማምሳለሁ» ሆነ ነገሩ። ቀሚሳቸው ላያቸው ላይ ተንጠለጠለ። የእጅ ሰዓታቸው ከአንጓቸው አልፎ ክንዳቸው ድረስ እየወጣ ሲያስቸግራቸው አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ባለቤቴ ክፉ በሽታ ነው ብላ እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስያዘች፤ ሰኞ ጠዋት ቱቦ በጉሮሯቸው ገብቶ ጨጓራቸው በካሜራ ሊታይ ነው።

በሽታውን እኔ አውቀዋለሁ። የሠራሁት እኔ ነኛ።

ሐኪም የቀሩላቸውን አራት ጥርሶች ነቀለላቸው፤ ድዳቸው ሲድን፣ ከስምንት ወር በፊት፣ ወደ እኔ መጡ። በእኛ ሥራ ትልቁ ነገር የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ የት ላይ እንደሚገጥሙ ማወቅ ነው። የለሰለሰ ሰም አፍ ውስጥ ይገባና ሰውየው ይነክሳል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ምራቁን ይውጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነክሳል። ምክንያቱም ሰው ሲያፍር ወይም ሲጨነቅ ሳያውቀው አገጩን ወደ ፊት ይገፋል። በዚያ ልክ ጥርስ ከተሠራለት ፊት ለፊቱ ይገጥማል፣ የኋላው ግን አይገናኝም። ማኘኪያው ደግሞ የኋላው ነው።

አማቴ የሚያፍሩ ሰው ናቸው። እኔ ባለሁበት ሲስቁ እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ይከልላሉ። ያን ዕለት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የከፈቱልኝ ለሻይ ማንኪያ ያህል ነው። እኔም ብሼ ቁጭ አልኩ። የስንቱን ጎረምሳና ባልቴት አፍ እንደ ኪሴ የምበረብር ሰውዬ፣ የአማቴ ከንፈር ጋ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እያየሁ «ይንከሱ እማማ» አልኩ። ነከሱ። «በቃ፣ ጨረስን» አልኩ። ሁለታችንም እፎይ አልን።

ጥርሱ ሲያዩት ያምራል። ያማረ ጥርስ መሥራት አያቅተኝም። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቁርስ ላይ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ሲነክሩት አየሁ። ሲስቁም የታችኛው ከድዳቸው ብድግ ሲል በጣታቸው መሃል አየሁት። ሌላ ሰው አያየውም፤ የእኔ ዓይን ግን ለዚህ ነው የተሠራው። የኋላዎቹ የጥፍር ውፍረት ያህል እንደተራራቁ እዚያው ገባኝ።

«ጥርሱ እንዴት ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ተመስገን ልጄ፤ የራሴ ነው የሚመስለኝ።»

«ድድ እስኪለምደው ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አልኩ። እሳቸው ምንም ሳያማርሩ ነው ይህን ያልኩት። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ለምን እንደገና አልሠራሁላቸውም? ይኸው አፌን ሞልቼ ልናገር፤ ስሜን ሰሰትኩ። ከሱቄ ማዶ አንዲት ልጅ የራሷን ጥርስ ቤት ከፍታለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ዛሬም «ተማሪዬ» ነው የምላት፣ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ እሷ ሲሻገሩም ጭምር። እንዲህ ባለ ጊዜ «የገዛ አማቱን ጥርስ አበላሽቶ ደግሞ ሠራ» እንዲባል አልፈለግኩም። ይባስ ብዬ ደግሞ አማቴ ምሳ ዕቃዬን ይዘውልኝ በመጡ ቁጥር አንዱ ደንበኛ ሲያመነታ ካየሁ «እማማ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉላቸው» እል ነበር። ፈገግ ይላሉ። ደንበኛው ያምናል። እሳቸው ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥተው ነው የመጡት።

ለማንኛውም ወደ ወጥ ቤቱ ልመለስ። ፕሬዠር ኩከሩን ባለቤቴ ከገዛችው ቆይቷል፤ ፉጨቱን ስለምትፈራው ግን ከቁም ሳጥኑ አናት አይወርድም ነበር። እኔ አልፈራውም። ሱቄ ውስጥም የእሱ ዘመድ የሆነ ድስት አለኝ፤ ጥርሶቹን የሚይዘው ድድ መሰል ማቀፊያ የሚጠነክረው እዚያ ውስጥ በግፊት ነው። ያው ጎማ፣ ያው መተንፈሻ። የአማቴንም ጥርስ ያጠነከርኩት በእሱ ነው። እዚያ ለስላሳው ይደርቃል፣ እዚህ ደረቁ ይላማል፤ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው።

አሠራሩን ስልኬ ላይ አይቼ በወረቀት ጽፌዋለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላላሁ፤ የተፈጨ ቲማቲም፣ ከሙን፣ ደረቅ ቃሪያ፣ ጨው፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨመርኩ። አጥንት የሌለውን የዶሮ ሥጋ ከላይ ደርድሬ አንድ ኩባያ ውሃ አፈሰስኩና ከደንኩት። ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ቀንሼ ሃያ ደቂቃ ያዝኩለት። እንፋሎቱን አስተንፍሼ ስከፍተው ሽታው ልጄን ከመኝታ ቤት ጠርቶ አመጣት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ተነቃንቆ ሊወልቅ ደርሷል፣ ቀኑን ሙሉ በምላሷ ስትገፋው ትውላለች።

ዶሮውን በሁለት ሹካ እየጎተትኩ በጣጠስኩት። እንደ ክር ተተለተለ። እዚህ ላይ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ምሳ የሠራ ባል እባል ነበር፣ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር።

አልቆምኩም። ሲሶውን መልሼ ከመረቁ ጋር ድስቱ ውስጥ ከተትኩና ሌላ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጫንኩበት። ሲወጣ በማንኪያ ጀርባ ነካ ሳደርገው ተዘረጋ። ደፈጠጥኩት። ከዚያ እንዳያስታውቅ ከላዩ ጥቂት ያልላሙ ክሮች በተንኩበት። የእኛን ቂጣዎች መጥበሻ ላይ ጠርዛቸው እስኪንኮሻኮሽ አደረቅኳቸው። የእሳቸውን ግን መረቅ ቀብቼ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በእንፋሎት አለሰለስኩ። አቮካዶውንም ለብቻ ፈጨሁላቸው። ሦስቱን የእሳቸውን ታኮዎች ሰማያዊ ጠርዝ ባለው ሳህን ላይ አደረግኩ፣ ከሌሎቹ ጋር እንዳይምታታብኝ።

ሐሳቤ ግልጽ ነው። ሰው ሁሉ የሚበላውን የሚመስል፣ ማኘክ የማያስፈልገው ምግብ ይበላሉ። ባለቤቴ እናቷ ስትበላ ታያለች፣ የሰኞውን ቀጠሮ ትሰርዛለች። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንዲህ ያለ ነገር እሠራለሁ። ቱቦም የለም፣ ሁለተኛ ልኬትም የለም። በዚህ ብልጠቴ ትንሽ ፉጨት ቢጤም ሞከርኩ።

ማዕድ ቀረበ። አማቴ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ለመነሣት የሚመቻቸው ቦታ ነው። ሰማያዊውን ሳህን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ለእርስዎ ነው የሠራሁት እማማ።»

«እኔ እኮ ብዙም አልራበኝም» አሉ፤ ግን አንዱን አነሱ። በግራ እጃቸው አፋቸውን ከልለው ትንሽ ቀመሱ። ቆም አሉ። እንደገና ቀመሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ሳህኑ መለሱ። አንዱን ታኮ ጨረሱ። ሁለተኛውን አነሱ።

ባለቤቴ የራሷን ትታ እናቷን ታያለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስትበይ አየሁሽ እኮ እማዬ» አለች። ወደ እኔም ዞረች፤ «ቀጠሮውን ልሰርዘው ይሆን? ምን ይመስልሃል?»

«እኔም እንደዚያ ይመስለኛል» አልኩ። እንዴት እንደቀለለኝ።

በዚህ መሃል ልጄ ታኮዋን ነክሳ ፊቷን አጨማደደች። «የኔ ይወጋኛል። የአያቴን ስጡኝ፣ የሷ ለስላሳ ነው።»

«ሁሉም አንድ ነው» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ፈጥኜ።

ባለቤቴ እጇን ዘርግታ ከሰማያዊው ሳህን የቀረውን ታኮ አነሳች። ለሁለት ልትከፍለው ስትል ቂጣው እጇ ላይ ተቀደደ፣ ውስጡ ጣቷ ላይ ፈሰሰ። ጣቷን ላሰች። ከዚያ የራሷን ታኮ ከፍታ አየች። እንደገና የእናቷን አየች።

«ይሄ ለምን ለብቻ ተሠራ?» አለች።

ውሃ ልቅዳላት ብዬ ብርጭቆ አነሳሁ።

«ይሄ እኮ የሕፃን ምግብ ነው። ላዩን ነው ዶሮ ያስመሰልከው። ለምንድነው እንዲህ ያደረግከው?»

መልስ የሰጡት አማቴ ናቸው።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ። «ጨጓራዬን ስለሚያቃጥለኝ ለስለስ አድርግልኝ ብዬው ነው። አንቺ እንዳትጨነቂ ደብቂልኝ... ደብቅልኝ አልኩት።» ሲዋሹ ምላሳቸው ይተሳሰራል። አላዘዙኝም። ትናንትም ዛሬም አንድ ቃል አልተነፈሱኝም። ይህን ሲሉ እኔን አላዩም፤ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፋቸው ያስተካክላሉ። ያኔ ገባኝ። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ለምን እንዳበሰልኩላቸው አውቀውታል። አውቀውም በልተውልኛል።

«እውነት ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«አዎ» አልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ የሰባት ዓመት ልጄ እያየችኝ፣ አዎ አልኩ።

ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች። «እንግዲያው ጨጓራ ነው ማለት ነው» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «እኔም ይሄንኑ ነበር የፈራሁት። በቃ፣ ነገ እንሄዳለን። ዛሬ ከመሸ ምንም እንዳትቀምሺ እማዬ፤ ውሃም ቢሆን። ቱቦው ትንሽ ያስቸግራል ብለውኛል፣ ግን እዚያው አጠገብሽ ነኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉ አማቴ።

እሺ ነው ያሉት። ጉሮሯቸው ውስጥ የጣት ያህል ቱቦ ሊገባ ነው፣ እሳቸው እሺ ይላሉ። ለኔ ሲሉ። ስምንት ወር የሻይ ዳቦ የበሉት፣ ሱቄ ውስጥ ለማያውቁት ሰው ፈገግ ያሉት፣ አሁን ደግሞ ይሄ።

«እማማ ጨጓራቸውን አያማቸውም» አልኩ። «ጥርሱ ነው።»

«የምን ጥርስ?»

«እኔ የሠራሁት። ልኩን ስቼዋለሁ። የኋላዎቹ አይገናኙም፤ ማኘክ አይችሉም። ረኃብ ነው ያከሳቸው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ባለቤቴ ቶሎ አልተቆጣችም። ነገሩ ግን ቀስ ብሎ ሲገባት አየሁ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«በሳምንቱ።»

«በየትኛው ሳምንት?»

«በመጀመሪያው።»

ልጄ ጥርሷን በምላሷ መግፋቷን አቆመች። ባለቤቴ ሽርጤን፣ ከዚያ ሰማያዊውን ሳህን አየች። «እኔ እኮ» አለች፣ «እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ለእህቴ ደውዬ ባሌ ለእናቴ ምሳ ይሠራል ብያለሁ።» ሌላ ስድብ ብትጨምር ይሻለኝ ነበር። ምንም አልጨመረችም። ሳህኖቹን መደራረብ ጀመረች፣ አንዳንዶቹ ምግብ እንዳለባቸው።

«ተዪው» አሏት አማቴ። «ጥፋቱ የኔም ነው። አፌን አልከፈትኩለትም። ምን ያድርግ? እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ።»

«አንቺ ስምንት ወር ተርበሻል እማዬ።»

«ሻይ ነበር፣ ገንፎ ነበር። ደግሞ ይሄኛው ጥሩ ነው» አሉ ወደ ሳህኑ እየጠቆሙ። «ጨው ብቻ ትንሽ በዝቶበታል።»

አንገቴን ደፍቼ «ነገ እንደገና እሠራልዎታለሁ» አልኩ። «ነገ በጠዋት። ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ። ሦስት ጊዜም ሆነ አሥር ጊዜ እለካለሁ።»

አማቴ የተቀደደውን ቂጣ በጣታቸው ሰበሰብ አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው፤ ለእንግዳ ሻይ ይጨመርልህ ወይ የሚሉበት ድምፅ።

«አትቀየመኝ ልጄ» አሉ። «ጥርሱን ግን ሌላ ሰው ይሥራልኝ።»

በዚህ መንደር ሌላ ሰው ማለት አንድ ሰው ነው።

ሰኞ በሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ሰዓት በተማሪዬ በር ላይ ቆምን፤ አማቴ በመሃል፣ እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ። ባለቤቴ ከእሁድ ጀምሮ የምታናግረኝ «ቁልፉን አምጣ» እና «ልጅቷን አድርሳት» ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ የእኔ ሱቅ ተዘግቶ ይታያል። ተማሪዬ ስታየን ደነገጠች። «ጋሼ፣ በደህና ነው?» አለች።

«አማቴን ይዤልሽ መጣሁ» አልኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እሷም ጨዋ ናት፣ አልጠየቀችም።

ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ጥርሱን አወለቁላት። «እማማ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» ስትል ከፈቱ። እኔ አይቼው በማላውቀው ስፋት ከፈቱ። ተማሪዬ መብራቱን ስታዞር እኔም ከጎን አየሁ፤ በታችኛው ድድ ግራና ቀኝ ጠርዙ የነጣ፣ መሃሉ የቀላ ቁስል አለ። የቆየ ቁስል ነው፤ ደርቆ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ደርቆ። ባለቤቴም አየችው። ስለ ጥርስ አንድም ነገር የማታውቀው ባለቤቴ፣ አይታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ተማሪዬ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ መብራት ላይ ይዛ ገጠመቻቸው። ፊቱ ተነካካ፣ ኋላው ክፍት ቀረ። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ኧረ ይሄን ማነው የሠራልዎት?» አለች። «እንዲህ ያለ ሰው በሰው አፍ መጫወት የለበትም።»

አማቴ አፋቸውን ገጠሙ። ጥርስ የሌለው ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገባ። «አታውቂውም» አሉ። «ሌላ አገር ያለ ሰው ነው። ሳልመጣ በፊት ያሠራሁት ነው።»

ተማሪዬ አምናቸዋለች። ጥርሱን ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ሰሙን ልታሞቅ ዞራለች። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ባለቤቴም ከመስኮቱ ፊቷን አላዞረችም፤ የምትጠብቅ ይመስላል፣ ምናልባትም ምንም አትጠብቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮም እንዳልሆነ አውቅ ነበር።»

ተማሪዬ ሰሙን እንደያዘች ቆመች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ለኔ አፈረችልኝ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። የተቆጡት አማቴ ናቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» አሉ። «ስንት ነገር ችዬ ሸፍኜልህ፣ አሁን በገዛ አፍህ? ከእንግዲህ ማን ይመጣልሃል? ልጅቱን ምን ልታበላት ነው?»

ሁለቱን ጥርሶች ከጨርቁ ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩና መብራቱን ለተማሪዬ ያዝኩላት።